ጎበዙ ተማሪ ፍሬሽማን ላይ ለምን ይሸወዳል?

ከሁለተኛ ደረጃ በጥሩ ውጤት የወጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያ የሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ወረቀቱን ሲቀበል ክው ይላል። ከ30 የተያዘ ፈተና 12 አምጥቷል። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቶ አያውቅም። "አንብቤ ነበር እኮ!" ይላል። እውነቱን ነው፣ አንብቧል። ክላስ አልቀረም። ሃንድአውቱን ሁለት ሦስቴ ዘልቆታል። የፈተናው ዋዜማ ማታ "ተዘጋጅቻለሁ" ብሎ ነው የተኛው።

በዙሪያው ያለ ሰው ምክንያት አያጣለትም። ነፃነቱ አበላሸው፣ ጓደኛ ወሰደው፣ ስልክ በላው፣ ድሮም ጎበዝ አልነበረም። አንዳንዱ ልክ ሊሆን ይችላል። በብዙዎቹ ላይ የሚሆነው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ልጁ አልሰነፈም፣ አልደነዘዘምም። የጎደለው የት እንዳለ የሚነግረው ሰው ነው።

እስቲ ሁለተኛ ደረጃን አስቡት። የቤት ሥራ ይሰጣል፣ በማግስቱ ይታረማል። በየሳምንቱ ፈተና አለ። መምህሩ የተማሪውን ፊት አይቶ "ይሄ አልገባህም" ይለዋል። ቤት ሲገባ ደግሞ "ደብተርህን አምጣ" የሚል አለ። ተማሪው ራሱን መመዘን ሳያስፈልገው ሌሎች ቀኑን ሙሉ ይመዝኑታል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ይህ ሁሉ ባንዴ ጸጥ ይላል። ሌክቸረሩ ከመቶ በላይ ሰው ፊት ቆሞ ያስተምራል፣ ይወጣል። የመጀመሪያው እውነተኛ ምልክት የሚመጣው ሳምንታት ቆይቶ፣ በሚድ ነው። እስከዚያው ተማሪው የሚመራው በስሜቱ ብቻ ነው። ጊዜ አለኝ። ገብቶኛል። ነገ እደርስበታለሁ። ሁሉም ይችላል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያቃተኝ።

ችግሩ እነዚህ ስሜቶች መዋሸታቸው ነው። ይህን የምለው በግምት አይደለም። ላለፉት አርባ ሃምሳ ዓመታት የተማሪዎችን ትምህርት ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙት ነገር ነው።

ትርፍ የሚመስለው ሰዓት

የመጀመሪያው ውሸት የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክላስ፣ ከዚያ እስከ ከሰዓት ባዶ። ማክሰኞ አንድ ክላስ። ረቡዕ ግማሽ ቀን። ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ውስጥ ሲውል የኖረ ልጅ ይህን አይቶ "ዩኒቨርሲቲ ይሄ ነው እንዴ?" ብሎ ቢደሰት አይፈረድበትም።

ክሬዲት የሚባለው ነገር ግን የሚሰላው በሌላ መንገድ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሚጠቀምበት ትርጉም አንድ ክሬዲት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ክላስ እና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክላስ ውጪ የሚሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ 15 ሰዓት ይማራል፣ 30 ሰዓት ደግሞ በራሱ ይሠራል። ድምሩ 45 ነው። ብዙ የቢሮ ሠራተኛ እንኳ በሳምንት ይህን ያህል አይሠራም። የአውሮፓው አሠራር ደግሞ ከመነሻው ጠቅላላ ድካሙን ነው የሚቆጥረው። አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ሲሆን ዓመቱ 60 ክሬዲት ነው። በዓመት ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይመጣል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ላይ የሚታተመው ግን ክላሱ ብቻ ነው። ትልቁ ሥራ ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። አዲሱ ተማሪ ባዶውን ሳጥን እረፍት ብሎ ያነበዋል።

በዚህ ላይ የሰው ልጅ የራሱን ሥራ መገመት አይችልበትም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ አንድ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ ያሉ የሥነ ልቦና ተማሪዎችን "መቼ ትጨርሳላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። አማካዩ መልስ 34 ቀን ገደማ ነበር። "ነገሩ ሁሉ የመጨረሻውን ያህል ቢበላሽባችሁስ?" ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። በእውነት የወሰደባቸው በአማካይ 55 ቀን ነው። ክፉውን አስበው የገመቱት እንኳ አልበቃም። እነዚህ ሊመረቁ የደረሱ ተማሪዎች ናቸው። በገባ በሦስተኛ ሳምንቱ "አሳይንመንቱን ቅዳሜ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ" የሚለውን ልጅ እንግዲህ አስቡት።

መፍትሔው ብዙ የሚያራቅቅ አይደለም። ባዶውን ሳጥን እንደ ክላስ መሙላት ነው። "ሰኞ ከአራት እስከ ስድስት፣ የሒሳብ ጥያቄዎች" ተብሎ የተጻፈ ሰዓት ይሠራበታል። "ሰኞ አነባለሁ" የተባለ ሰኞ ግን ዞር ሲሉ መሽቷል። በተለይ በሁለት ክላስ መሃል ያለችው ሰዓት ውሃ የሚበላት ናት። ዶርም ደርሶ ለመመለስ ታንሳለች፣ ተቀምጦ ለማውራት ደግሞ ትመቻለች።

"ገብቶኛል"

ከሁሉም የከፋው ውሸት ይሄ ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

አንዲት ተማሪ ኢኮኖሚክስ እያነበበች ነው እንበል። ርዕሱ የፍላጎት ኢላስቲሲቲ ነው፤ ዋጋ ሲቀየር የሚገዛው መጠን በምን ያህል ይቀየራል የሚለው። ሃንድአውቱን በቢጫ ሃይላይተር ታሰምራለች። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ቀመሩም ግልጽ ነው። ግራፉን ስታየው ራሷን ትነቀንቃለች። ለሁለተኛ ጊዜ ስታነበው ይበልጥ ፈጠነላት። ጨረስኩ ብላ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ አለፈች።

አሁን ሃንድአውቱን ዝጉባትና ባዶ ወረቀት ስጧት። ጥያቄው፦ "ሻጩ ዋጋ ጨምሮ ገቢው የወረደው ለምንድነው?" የሚል ይሁን። ትርጉሙን ትጽፋለች። ቀመሩን ትጀምራለች፤ ከላይ የሚሆነው የዋጋው ለውጥ ነው የመጠኑ? እዚህ ጋ ትጠራጠራለች። ከዚያ ብዕሯ ይቆማል። ዋጋው በ10 በመቶ ጨምሮ የተሸጠው መጠን በ20 በመቶ ቢቀንስ 100 ይገባ የነበረው 88 እንደሚሆን ማስላት አያቅታትም። ይህን ስሌት ከዚያ ቀመር ጋር ማገናኘት ግን አልሞከረችም። ሃንድአውቱ አገናኝቶ ሲያሳያት ነው ራሷን የነቀነቀችው።

የሆነው ይሄ ነው፦ ያነበብነውን ነገር ደግመን ስናነበው ዓይናችን ይፈጥናል። አእምሯችን ይህን ፍጥነት እንደ እውቀት ይቆጥረዋል። ነገሩን ማወቅና ነገሩን ሲያዩት ማስታወስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈተና የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገር እና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በሚያምር ሙከራ አሳይተውታል። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ እንዲያጠኑ ተደረገ። አንደኛው ቡድን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 በመቶውን አስታወሱ፣ ሌሎቹ 71። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንባቢዎቹ 40 ላይ ወረዱ። አንድ ጊዜ ብቻ ያነበቡት 61 ላይ ቆዩ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ክፍል ነው። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ ቀድመው ሲጠየቁ፣ በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ናቸው። ከሁሉም የወረዱት እነሱ፣ ከሁሉም ልበ ሙሉ የነበሩትም እነሱ!

ክላስ ውስጥም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሃርቫርድ የፊዚክስ መምህራን ተማሪዎችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ጥሩ ሌክቸር ሰሙ። ግማሾቹ ያንኑ ይዘት በቡድን ሆነው ጥያቄ እየሠሩ፣ እየተሳሳቱ ተማሩ። ፈተናው ላይ የበለጡት ጥያቄ የሠሩት ናቸው። "ብዙ ተማርኩ" ያሉት ግን ሌክቸር የሰሙት ናቸው። ጥሩ ተናጋሪ ሲያስረዳን ሁሉም ነገር ቀላል ይመስለናል። ቀላልነቱ የሱ ነው፣ የኛ አይደለም።

እንግዲህ ፍሬሽማኑ ያለ ፈተና ሰባት ሳምንት በዚህ ስሜት ሲመራ የት እንደሚደርስ ገምቱ። ሲጨናነቅ ብዕሩን አስቀምጦ ወደሚቀለው ነገር ይሄዳል፤ ወደ ማንበብና ማስመር። ሲቀለው ደስ ይለዋል። ደስ ሲለው ተዘጋጀሁ ይላል።

ካምፓስ ውስጥ "ቸካይ" የሚባሉት ልጆች ሁሉ ጎበዝ የማይሆኑትም ለዚህ ይመስለኛል። ሰዓቱን ይሰጡታል፣ ላይብረሪ ሲዘጋ ነው የሚወጡት። ግን አስር ሰዓት ማንበብ አስር ሰዓት ማወቅ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሽምደዳ ይሠራ ነበር፤ ጥያቄው "ምንድነው?" ስለሆነ። ዩኒቨርሲቲ "ለምን?" ይላል። "ይሄኛው ባይኖርስ?" ይላል። ክላስ ውስጥ በአንድ መልክ የተሠራውን ጥያቄ ፈተና ላይ በሌላ መልክ ያመጣዋል። ተማሪው "ያላስተማረንን አወጣብን" ብሎ ይማረራል። ብዙ ጊዜ ግን አስተምሮታል፤ በዚያ መልክ አይደለም እንጂ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከክላስ ሲወጡ ደብተሩን ዘግቶ ግማሽ ገጽ መጻፍ። ዛሬ ምን ተባለ? አንዱ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት ተያያዘ? ከዚያ ከፍቶ ማስተያየት። አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ መድገም፣ ከሳምንት በኋላም እንዲሁ። የተሠራ ምሳሌ ሲያጋጥም መልሱን በወረቀት ሸፍኖ መሞከር። የድሮ ፈተና ከተገኘ መልሱን ለመሸምደድ ሳይሆን ሰዓት ይዞ ለመፈተን መጠቀም። ሲጀመር ያስጠላል፣ ብዙ አለማወቅን ያሳያል። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው። ሚዱ ከሚነግራችሁ አንድ ወር ቀድሞ ይነግራችኋል።

ስለ ላፕቶፕ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ክላስ ውስጥ በላፕቶፕ ሌላ ነገር ሲነካኩ የነበሩ ተማሪዎች ውጤታቸው ወረደ። ይሄ አያስገርምም። ከኋላቸው ተቀምጠው ስክሪኑን ሲያዩ የነበሩትም ወረደባቸው። ስለዚህ ፊት መቀመጥ ለታይታ ብቻ አይደለም።

እንቅልፍም እንደዚሁ ነው። "የፈተና ማታ በደንብ ተኛ" የሚለው ምክር ሁሉም ጋ አለ። በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ወደ መቶ የሚጠጉ የኬሚስትሪ ተማሪዎች የእንቅልፍ መለኪያ አምባር አስረው አንድ ሴሚስተር ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲታተም የታየው፣ የፈተናው ዋዜማ እንቅልፍ ብቻውን ከውጤቱ ጋር ግንኙነት እንዳልነበረው ነው። የተገናኘው የሳምንቱና የወሩ እንቅልፍ ነው። አንድ ሌሊት ጥሩ መተኛት የወሩን ሌሊት አያካክስም።

"እኔ ብቻ ነኝ ያቃተኝ"

እስካሁን ያየነው በራስ ያለአግባብ መተማመንን ነው። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ የሚገርመው በአንድ ልጅ ላይ በአንድ ሴሚስተር ሁለቱም መከሰታቸው ነው። ከሚድ በፊት "ገብቶኛል"፣ ከሚድ በኋላ "እኔ ለዚህ ቦታ አልተፈጠርኩም"።

ይህኛው ስሜት የሚወለደው ከማየት ነው። ክላስ ውስጥ እጃቸውን የሚያወጡት ሁለት ሦስት ልጆች ይታያሉ። ያልገባቸው ዘጠና ሰዎች ዝም ብለው ስለሚቀመጡ አይታዩም። እያንዳንዱ ዝምተኛ የሌላውን ዝምታ እንደ ገባው ይቆጥረዋል። ውጤት ሲወጣም ኤ የሰቀለው ይናገራል፣ የወደቀው ወረቀቱን አጥፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በተሳካላቸው ሴቶች ላይ ያዩትን ይህን ዓይነት ስሜት ጽፈውበታል። በውጤት ላይ ውጤት እያገኙ "አንድ ቀን ይነቃብኛል፣ አለመቻሌ ይታወቃል" ብለው የሚሰጉ ሰዎች ናቸው።

ይህን ስሜት ማረም ይቻላል ወይ? ግሬጎሪ ዋልተን እና ጄፍሪ ኮኸን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ነገር ሞከሩ። ለፍሬሽማኖች የሲኒየሮችን ታሪክ አስነበቡ። ታሪኩ ቀላል ነው፦ እኛም መጀመሪያ እንግዳ ነበርን፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይሰማዋል፣ ከጊዜ ጋር ያልፋል። ከዚያ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለሚመጡት ልጆች መልእክት እንዲጽፉ ተደረገ። አንድ ሰዓት ገደማ ነው ሁሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳተሙት፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ ያ አንድ ሰዓት እስከ ምረቃ ድረስ ውጤታቸውን ከፍ አድርጎታል።

ነገሩ ተአምር እንዳይመስል ግን የኋላውን ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህንኑ በ22 ተቋማት፣ ከ26,000 በላይ ተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ጠቀመ፤ ግን የጠቀመው ግቢው ራሱ በሩን በከፈተበት ቦታ ብቻ ነው። ግቢው ሲገፋህ እየዋለ "የኛ ነህ" የሚል ወረቀት ቢያነብቡልህ ምን ይሠራል?

ከዚህ ርዕስ ሁሉ እኔ በጣም የምወደው የሒሳብ መምህሩ የኡሪ ትራይስማን ሥራ ነው። ትራይስማን በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን በብዛት እንደሚወድቁ ሊያጣራ ተነሳ። መምህራኑን ጠየቀ። መልሱ በአፋቸው ነበር፦ ተነሳሽነት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም። ከዚያ 20 ጥቁር እና 20 ቻይናዊ አሜሪካዊ ተማሪዎችን ይዞ እያንዳንዱን እንዴት እንደሚያጠና ለወራት ተከታተለ። የመምህራኑ ግምት አንዱም አልያዘም።

ጥቁሮቹ ተማሪዎች ይሠሩ ነበር። ለአንድ ሰዓት ክላስ ሁለት ሰዓት አጥኑ ተብለዋል፣ በሳምንት ስምንት ሰዓት አጠኑ። ክላስ አይቀሩም፣ የቤት ሥራ ያስገባሉ። ብቻቸውን ነበር እንጂ። ቻይናዊ አሜሪካውያኑ 14 ሰዓት ገደማ ያጠናሉ፤ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን አብረው ነው። መጀመሪያ ለየብቻ ይሠራሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው መልስ ያስተያያሉ። አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዛል። ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ከተሰናከሉ "ጥያቄው ከባድ ነው" ይላሉ እንጂ "እኔ ደካማ ነኝ" አይሉም። ብቻውን ያጠናው ልጅ ግን ያንኑ ጥያቄ ይዞ ሲሰናከል ሌላ ማስረጃ የለውም። ራሱን ይወቅሳል።

ትራይስማን ከዚህ ተነስቶ የሠራው ነገር ብልህ ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት አልከፈተም። ተማሪዎቹ ከክላሱ የከበዱ ጥያቄዎችን በትንንሽ ቡድን የሚሠሩበት ፕሮግራም ጀመረ። ውጤታቸው ተለወጠ፣ አሠራሩም ወደ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሄደ።

አሁን ላለ ተማሪ ይህ ምን ማለት ነው? የጥናት ቡድን ማለት አሳይንመንት ቴሌግራም ላይ መላላክ አይደለም። አንዱ ሠርቶ አራቱ የሚገለብጡበትም አይደለም፤ እሱ ያችኑ "ገብቶኛል" የምትለዋን ውሸት በአምስት ማባዛት ነው። ሦስት ወይም አራት ሰው፣ እያንዳንዱ ቀድሞ ሞክሮ፣ ከዚያ መጨቃጨቅ። የሚሠራው ይሄ ነው።

ሌክቸረር ቢሮ መሄድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ተማሪው የሚፈራው "ይሄን አታውቅም?" መባልን ነው። ደግሞም በብዛት የሚሄደው "መምህር፣ ምንም አልገባኝም" ብሎ ነው። ለዚህ ማንም መምህር መልስ የለውም። ከየት ይጀምርለት? የሞከረውን ወረቀት ይዞ "መምህር፣ እስከ ሦስተኛው መስመር ሄጃለሁ፣ እዚህ ጋ ይህ ነጌቲቭ ምልክት ከየት መጣ?" ያለ ተማሪ ግን በአምስት ደቂቃ መልሱን ይዞ ይወጣል። ስሙም ይታወቃል። በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲያስፈልግ ሌክቸረሩ ፊቱን ያስታውሰዋል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናፍቆት፣ መደበር፣ ቤት መናፈቅ የብዙ ሰው ነገር ነው፣ ሰው ሲለመድ ይቀላል። ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በመራው ጥናት በ8 አገሮች፣ በ19 ተቋማት ወደ 14,000 የሚጠጉ ጀማሪ ተማሪዎች ተጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ከሦስቱ አንዱ ገደማ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ የጭንቀት፣ የድብርት ወይም መሰል ችግር ምልክት አሳይቷል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለ፣ መኖር ካስጠላ፣ ይህ በ"ትለምደዋለህ" የሚታለፍ አይደለም። ወደ ግቢው ካውንስለር ወይም ክሊኒክ መሄድ ነው፤ ብቻዬን አልሄድም ካለ ጓደኛ ይዞት ይሂድ።

አዲሱ አታላይ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ደግሞ "ገብቶኛል" የሚለው ስሜት ትልቅ አጋዥ አግኝቷል። አሁን አሳይንመንቱ ተሠርቶ፣ ተብራርቶ፣ ተስተካክሎ ይመጣል። ተማሪው ማብራሪያውን ያነበዋል፣ ራሱን ይነቀንቃል። የኢላስቲሲቲዋን ልጅ ታሪክ ታስታውሳላችሁ አይደል?

ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ሙከራ ተደርጓል። ሒሳብ ሲለማመዱ አንደኛው ቡድን ተራውን ቻትቦት እንዲጠቀም ተፈቀደለት። ልምምዱ ላይ ቻትቦት ጭራሽ ካልተጠቀሙት ልጆች በ48 በመቶ በለጠ። ከዚያ ቻትቦቱ ተወሰደና ሁሉም ተፈተኑ። ይኸው ቡድን ጭራሽ ካልተጠቀሙት ልጆች በ17 በመቶ ወረደ። ልጆቹ ግን መጎዳታቸው አልታወቃቸውም። ሦስተኛ ቡድን ነበረ፤ ለሱ የተሰጠው ቻትቦት መልስ የማይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ የሚሰጥ ነው። ይህ ቡድን እንደዚያ አልተጎዳም።

እኔ ኤአይ አትጠቀሙ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ዶርም ውስጥ የሚጠየቅ ሲኒየር ለሌለው ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ወሳኝ ነው። መጀመሪያ መሞከር፣ ከዚያ "የት ጋ ነው የተሳሳትኩት? መልሱን አትንገረኝ" ማለት። ወይም "ከዚህ ምዕራፍ አምስት የለምን ጥያቄ አውጣልኝ" ማለት። ማሽኑ ፈታኝ ሲሆን ይጠቅማል፣ ተፈታኝ ሲሆን ይጎዳል። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ደንባቸው ይለያያል፤ አንዱ ኮርስ የሚፈቅደውን ሌላው እንደ ኩረጃ ይቆጥረዋል። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ካልተጻፈ መጠየቅ ይሻላል።

ግቢውስ?

እስካሁን ሁሉም ነገር ተማሪው ላይ የወደቀ መሰለ። ተገቢ አይደለም። ቪንሰንት ቲንቶ የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ካሳተመው ጽሑፍ ጀምሮ ያስከተለው ክርክር ይህን ይመለከታል። ተማሪ የሚያቋርጠው ስላልቻለ ብቻ አይደለም፤ ከግቢው ትምህርትም ከግቢው ሰውም ሳይገናኝ ሲቀር ነው ብሎ ጻፈ። መገናኘት ደግሞ የሁለት ወገን ሥራ ነው።

የብዙ ዩኒቨርሲቲ መልስ ኦሬንቴሽን ነው። አንድ ቀን ወይም አንድ ሳምንት፣ ትልቅ አዳራሽ፣ ስለ ደንብና ስለ ላይብረሪ ካርድ ንግግር። ጥሩ ነው። ግን በዚያን ቀን ተማሪው ገና ምን እንደሚያቅተው አያውቅም። ጥያቄ የሚኖረው በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ ያኔ ደግሞ አዳራሹ ባዶ ነው።

ከዚህ የሚሻለው ርካሽ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የአስር ደቂቃ ኩዊዝ፣ ማርኩ ሁለት ወይም ሦስት፣ ጥያቄው ግን በትክክል የሚድ ዓይነት። ተማሪው በሁለት ማርክ ዋጋ የዩኒቨርሲቲ ጥያቄ ምን እንደሚመስል ያያል። ሁለት መቶ ልጅ የሚያስተምር ሌክቸረር "ማን ያርመዋል?" ቢል እውነቱን ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው በመልስ ወረቀት ያርሙት፤ ዋናው ማርኩ ስላልሆነ።

ጊዜውም ዝም ብሎ አይጠብቅም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልቃል። አንድ ኮርስ አቅምን ሲያልፍ ጭነት መቀነስ፣ ወይም ቅድመ መሠረቱን መጀመሪያ መውሰድ የሚቻለው ያኔ ነው። የሚድ ውጤት ሲመጣ ግን በሩ ተዘግቷል። ኩዊዝ የማይሰጥ ኮርስ ላይ ያለ ተማሪ ቀነ ገደቡን ከአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ አይቶ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ የድሮ ሚድ ፈልጎ፣ ሃንድአውቱን ዘግቶ፣ ሰዓት ይዞ ራሱን ይፈትን። ውጤቱን ይዞ አድቫይዘሩ ጋ ይሂድ።